መልስ፦ እርጥበት የሚሸቱና ብል የበላቸው አሮጌ ልብወለዶች

ከመርካቶ የገዟቸውን 14 አሮጌ የወንጀል ልብወለዶች በቀጥታ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጣቸው ወይ ላሉት፣ እባክዎ አይቸኩሉ። የጠቀሷቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የብል ናቸው። መጽሐፉን መታ መታ ሲያደርጉት አዲስ ዱቄት ከረገፈ ብሉ አልሞተም፤ ወደ ሌሎቹም ይሻገራል።

መጀመሪያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ገለጥ አድርገው አቁመው ያድርቋቸው። ፀሐይ ሽፋኑን ያደበዝዛል፣ ወረቀቱንም ተሰባሪ ያደርጋል። ሻጋታውን ከደረቀ በኋላ ብቻ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ እርጥብ ሳለ ከተጠረገ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ከዚያ ብሉ እንዲሞት እያንዳንዱን በፌስታል አየሩን አስወጥተው አጥብቀው ያሽጉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር 2 ሳምንት ያቆዩ። ካወጡት በኋላ ለ24 ሰዓት አይክፈቱት፤ ቀዝቃዛ ሳለ ከተከፈተ ወረቀቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ ሻጋታውም ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ለሽታው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በሳህን ያስቀምጡ፣ መጽሐፉን ግን አይንካ። የተገነጠለ ገጽ በስኮች አይለጠፍም፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ኮላ በቀጭኑ ይበቃል።

ለቀጣዩ ግዢ፦ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይቁጠሩ። ስስ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቀድሞ የሚረግፈው ከዳርና ዳር ነው፣ የወንጀሉ መፍቻም ያለው እዚያው ነው።