ለአራዳ ልጆች፣ ከአንዲት ጡረተኛ ፋርማሲስት

ልጆች፣ ስለ ኤች አይ ቪ ሲወራ እንደሚሰለቻችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ጀምሮ ጆሯችሁ እስኪደነቁር ሰምታችሁታል። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ከስታዲየም ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል መድኃኒት ሳድል ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

በ1992 ዓ.ም. አካባቢ የዕድሜ ማራዘሚያ የምንለው መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ሀብታም አገር ያለው ታማሚ ሥራ ሲገባ፣ እኛ ሰፈር ድንኳን ይተከል ነበር። በ1993 ሲፕላ የተባለው የህንድ ፋብሪካ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታማሚዎች ሰልፍ ወጡ። ለመድኃኒቱ ገንዘብ የሚሰጡት ግሎባል ፈንድና የአሜሪካው ፔፕፋርም ተቋቋሙ። ዛሬ በቀን አንዴ የሚዋጠው ክኒን ለዓመት ከ45 ዶላር በታች ይገዛል። ይህ በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ ሰው ጮኾ ነው።

በ1995 መድኃኒቱ እኛ ዘንድ ሲጀመር በገንዘብ ነበር። አንድ ባልና ሚስት የአንድ ሰው መድኃኒት ገዝተው ለሁለት ሊካፈሉ መስኮቴ ላይ ቆመው ሲመካከሩ ሰምቻለሁ። መጠኑ ሲጎድል ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመደዋል፤ ኋላ ያው መድኃኒት አይሠራም። ይህን ነገርኳቸው። ግን ምን ያድርጉ? የቤት ኪራዩን ይተዉት?

በ1997 በነጻ ሲሆን ወረፋው ግቢውን ሞላው። የሚገርመው ግን የአካባቢው ሰው ጥቂት ነበር። የካዛንቺሱ ኮልፌ ይሄዳል፣ የኮልፌው እኛ ጋ ይመጣል። የሚሸሹት ጎረቤታቸውን ነው። ክኒኑ ታክሲ ውስጥ እንዳይንቀጫቀጭ ብልቃጡን በጥጥ የሚጠቀጥቁ ነበሩ። ወረቀቱን እዚያው ልጠው ጥለውልን የሚሄዱም ሞልተዋል። እንጦጦ ጠበል ገብተው ክኒኑን ያቆሙም ነበሩ። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ሲሉ ትልቅ እፎይታ ሆነልን።

ዛሬስ? ፒያሳም ቁሙ ሜክሲኮ፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 መግቢያ ላይ መመሪያውን ስለቀየረ፣ ሲዲ ፎር (የሰውነት መከላከያ ሴል ቁጥር) እስኪወርድ ጠብቁ መባልም ቀርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ካለ 40.8 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት ላይ የነበሩት 31.6 ሚሊዮን ናቸው። ከቀሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መያዛቸውን እንኳ አያውቁም።

እዚህ መሀል ከተማ በሩን የሚዘጋው የሰው አፍ ነው። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ልትመረመር የሆነ ቦታ ሄዳ፣ ባለሙያዋ «በዚህ ዕድሜሽ ምን ስታደርጊ?» ብላ ተቀበለቻት። ልጅቷ ውልቅ ብላ ወጣች። እኛ ጋ የመጣችው ቲቢ ከያዛት በኋላ ነው። ያቺን የሙያ ጓደኛዬን እስካሁን አልማርኳትም። እናንተም ግሩፕ ላይ «እሷ እኮ ከስታለች» ብላችሁ ስትሳሳቁ ያንኑ እየሠራችሁ ነው።

ስለዚህ ሳያማችሁ ተመርመሩ። ሰው ፊት መቆም ከከበዳችሁ ራስን መመርመሪያ ኪት አለ። ድዳችሁን በመመርመሪያው ዘንግ ጠርጋችሁ ዘንጉን ኪቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ትተክሉትና ከ20 ደቂቃ በኋላ ታነባላችሁ። ሁለት መስመር ካያችሁ ገና አልተረጋገጠም፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ካደረጋችሁ ወይም ከተደፈራችሁ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ አለ። በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሰኞ ይደርሳል ብላችሁ አትቀመጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የገንዘቡን። በጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ብር የተቀጠሩ ባለሙያዎች ተሰናበቱ። በሰው ኪስ የቆመ ነገር እንዲህ ነው። የጤና በጀት ጉዳይ ሲነሳ የሽማግሌ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ጠይቁ።

በቅርቡ አንዲት ልጅ «ሲስተር፣ እኔ ማግባት እችላለሁ?» አለችኝ። (ጋውን የለበሰ ሁሉ ሲስተር ነው እኛ አገር።) እንዴታ! መድኃኒትሽን በሥርዓት ወስደሽ ቫይራል ሎድሽ፣ ማለትም በደምሽ ያለው የቫይረስ መጠን፣ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከወረደና እዚያው ከቆየ፣ በግንኙነት ወደ ባልሽ አይተላለፍም። ልጅም ትወልጃለሽ፤ ሳታረግዢ ሐኪምሽን አማክሪ። እሱንም ይዘሽው ነይ፣ ይመርመር። የሠርጉ ግርግር ላይ ብቻ የክኒንሽ ሰዓት እንዳያልፍሽ፣ ለሚዜሽ ንገሪያት።