ድመትዎ ኢንሱሊን ሊያቆም ነው? ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የስኳር በሽታ ያለበት ድመት መርፌው የሚቆምለት መቼ ነው? አንዱ ደብዳቤ ግን አስቸኳይ በመሆኑ እርሱን አስቀድማለሁ።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ ድመታቸው ለሁለት ወራት ኢንሱሊን ከተወጋ በኋላ ውሃ መጠጣቱን ቀነሰ፣ ጸጉሩ አማረ፣ ሥጋም አወጣ። እርሳቸውም ድኗል ብለው መርፌውን ትተው የሽፈራው ቅጠል ውሃ ማጠጣት ጀመሩ። አሁን ምግብ ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው፤ ያስመልሰዋል፣ ጥግ ይዞ ተኝቷል። ሽፈራውን ልጨምርለት ወይ ይላሉ።

ለእኚህ ሰው ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን መልሼላቸዋለሁ። ለሌሎችም እንዲደርስ እደግመዋለሁ፦ አይጨምሩ። ድመቱን ይዘው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነገ አይደለም፣ ከበዓሉ በኋላም አይደለም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሰውነት ይራባል፤ ስቡን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን ተጠራቅሞ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቢሸት አይደነቁ። ይህ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ፣ በፖታሲየምና ሰዓት እየተቆጠረ በሚሰጥ ኢንሱሊን የሚታከም እንጂ ቤት ውስጥ የሚታገዝ አይደለም። የድሮውን መርፌ ልመልስለትም አይበሉ፤ የማይበላ ድመት በገዛ ግምት አይወጋም።

ጸጉሩ ያማረው መርፌው ስለሠራ ነው። ይህን አንድ ነገር ሁሉም ቢይዝልኝ ደስታዬ ነው። ድመት መልኩ ስላማረ ኢንሱሊን አያቆምም፤ የሚያቆመው ልኬቱ ሲፈቅድ ነው።

የስኳር በሽታ ከድመት ወደ ሰው ይተላለፋል? አይተላለፍም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። የተኮላሸ የ11 ዓመት ወንድ ድመት አላቸው። ከአራት ወር በፊት በቀን ሁለት ጊዜ 3 ዩኒት ግላርጂን (ረጅም ጊዜ የሚሠራ የኢንሱሊን ዓይነት) ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ዩኒት ወርዷል። የደም ስኳር መለኪያው ከመርፌ በፊት 85፣ 90፣ 95 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ነው የሚያሳየው። ሐኪሟ እናቁም ብላለች፤ ባለቤታቸው ግን ካቆመ ይሞታል እያሉ ይከራከራሉ። ማን ነው ትክክል?

ሐኪሟ ናት። የባለቤትዎ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነውና አልንቀውም፤ እዚህ ላይ የሚያስፈራው ግን መቀጠሉ ነው። ስኳሩ በራሱ ልክ የሆነ ድመት ኢንሱሊን ሲወጋ ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል፤ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ ከደረሰ ድዱን ማር ወይም የስኳር ሽሮፕ ይቀቡትና ወደ ሐኪም ይሩጡ። ራሱን እየሳተ ላለ ድመት ግን አፉ ውስጥ ምንም አያፍስሱ።

የድመት ስኳር በአብዛኛው የሰውን ሁለተኛውን ዓይነት ይመስላል። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ራሱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎች ይመርዛል። መርፌው ስኳሩን ሲያወርድላቸው ሴሎቹ ያርፋሉ፤ ፈጽመው ያልሞቱት ያገግማሉ። በሽታው በታወቀ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በደንብ የተያዘና ስታርች ያነሰው፣ ፕሮቲን የበዛበት እርጥብ ምግብ የሚበላ ድመት ዕድሉ ሰፊ ነው። በውሻ ይህ ተስፋ የለም ማለት ይቻላል፤ ድመት ግን ታድሏል።

ሆኖም “ዳነ” ብለው ለዘመድ አይደውሉ። ያለ መርፌ ቢያንስ 4 ሳምንት ስኳሩ ልክ ሆኖ ሲቆይ ነው በሽታው ተኛ የምንለው። ከተኛላቸውም ድመቶች ከአራት አንዱ፣ ምናልባትም ከሦስት አንዱ፣ ተመልሶ ይታመማል። ስለዚህ መርፌው ቢቆምም መለኪያው አይቆምም። ከሐኪሟ የተለየ ትእዛዝ ከሌለ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ከምግብ በፊት ይለኩ፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፤ ሲረጋጋ በወር። ከምግብ በፊት በተደጋጋሚ ከ180 ካለፈ ይደውሉላት።

አለካኩ እንዲህ ነው። የሞቀ ጨርቅ ጆሮው ላይ ጥቂት ያቆዩ። በጠርዙ በኩል የምትሄደውን ቀጭን ደም ሥር ያያሉ፤ ከጀርባ ጥጥ ደግፈው ከሥሯ ወጣ ብለው ጠርዙን ብቻ ይውጉ። የምስር ፍሬ የማታክል ጠብታ ትበቃለች። በኋላ ጥጡን ትንሽ ይጫኑና የሚወደውን ቁራሽ ሥጋ ይስጡት፤ በሳምንቱ መለኪያውን ሲያይ ራሱ የሚመጣ ድመት አለ። የሽንት ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ በድመት ስኳር ወደ ሽንት የሚያልፈው ከ250 ገደማ በላይ ሲሆን ነውና ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በሌላ በኩል ክሊኒክ ውስጥ የተለካ 300 ብቻውን አያስደንግጥዎት፤ የፈራ ድመት ስኳሩ ሳይታመምም ይሰቀላል። ያኔ ሐኪሟ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ የሚያሳየውን የፍሩክቶሳሚን ምርመራ ታዝዝ።

ምግቡን በተመለከተ ልመና አለኝ። መርፌው ቆመ ተብሎ ወደ ከረጢቱ ደረቅ ምግብ መመለስ የለም።

ከገርጂ፦ ከፋርማሲ የሰው ኢንሱሊን ገዝተው ዘመድ ከውጭ ባመጣላቸው የእንስሳት ሲሪንጅ ይወጋሉ፤ ድመቷ አንዳንድ ቀን ትዝለፈለፋለች።

ሲሪንጁን ዛሬ ይጣሉት። በፋርማሲ የሚሸጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፤ ለእንስሳት የተሠሩ ብዙ ሲሪንጆች ደግሞ ለ40 ዩኒት የተሰመሩ ናቸው። በዚያ መስመር “1” ሲሉ የሚወጉት ሁለት ዩኒት ተኩል ነው። የ100 ሲሪንጅ፣ በተለይ ግማሽ ዩኒት የሚያሳየውን ትንሹን፣ ይፈልጉ። መጠኑን ደግሞ ሐኪም እንደገና ያስላው፤ እስካሁን ስትወስድ የቆየችው የታዘዘላትን አይደለምና።

ከቨርጂኒያ፦ ድመቴ ኢንሱሊን ላይ ናት፤ በ2023 ወደተፈቀደው በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ መድኃኒት ልቀይራት?

ቬላግሊፍሎዚንን ማለትዎ ነው። እርሱም በ2022 የተፈቀደው ቤክሳግሊፍሎዚን የተባለው ተመሳሳይ ክኒንም በአሜሪካ ሲፈቀዱ የታሰቡት ኢንሱሊን ላልጀመረ ድመት ነው። ኢንሱሊን የለመደች ድመት ስትቀየር፣ ስኳሯ ልክ መስሎ እየታየ ኬቶን ሊያጠቃት ይችላል። በራስዎ አይሞክሩ።

በጾም ወራት ሽሮና ዳቦ ብቻ ብሰጣትስ? ድመት አትጾምም፤ ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ያቺ ዳቦ ደግሞ ስኳሯን ትሰቅለዋለች።

ከቴል አቪቭ፦ መርፌ ካቆመ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ለቆዳው ማሳከክ የስቴሮይድ መርፌ ታዞለታል።

ከመወጋቱ በፊት ያዘዘው ሐኪም ድመቱ ስኳር እንደነበረበት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ስቴሮይድ የተኛውን ስኳር ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ነው፤ ረጅም ጊዜ የሚሠራው መርፌ ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም። ለማሳከክ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እርሱን ይጠይቁ። የግድ ከሆነ ግን ስኳሩን ከዚያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ መለካት ነው።