ነሐሴ ላይ አማዞን ይዘንባል?

ጥያቄ፦ በነሐሴ ለሥራ ሳኦ ፓውሎ እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ማናውስ አልፌ የአማዞንን ደን ማየት እፈልጋለሁ። ዝናቡ ያስቸግረኝ ይሆን?

መልስ፦ ወሩን በደንብ መርጠዋል። ማናውስ ላይ ከባዱ ዝናብ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው፤ ነሐሴ ከደረቅ ወራት አንዱ ነው። ደረቅ ሲባል ግን የእኛን በጋ እንዳያስቡ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ዶፍ ይጥላል፣ ብዙ ጊዜም ቶሎ ያባራል። የቀኑ ሙቀት 33 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚያ ወበቅ ላብ ቶሎ አይደርቅም።

ከዝናቡ ይልቅ ስለ ወንዙ ይጠይቁ። በማናውስ በኩል የሚያልፈው ወንዝ፣ ሪዮ ኔግሮ፣ ሰኔ ላይ ሞልቶ ጥቅምት ላይ ይጎድላል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው 10 ሜትር ያህል ነው። በሰኔ ጀልባ በዛፎች መሀል ያልፋል፤ በነሐሴ ውሃው እየሸሸ ስለሚሄድ በእግር የሚኬድበት ደን ይሰፋል። ጉዞውን ወደ ጥቅምት ግን አይግፉት። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ወንዙ ክፉኛ ጎድሎ ጀልባ የማይደርስባቸው መንደሮች ነበሩ።

ጂንስ ይተዉ፣ አይደርቅም። ካሜራዎን በኤሲ ከቀዘቀዘ ክፍል ሲያወጡ ቦርሳውን ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ አለበለዚያ ሌንሱን እንፋሎት ይሸፍነዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይከተቡ፤ ስለ ወባ መከላከያ ክኒንም ሐኪም ያማክሩ።