ነጥበ ፍሌትን በቻትቦት ለማስጀመር

ሰላም መምህርት፣

የ7ኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ነጥበ ፍሌትን፣ ማለትም ፈሳሽ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን፣ ለማስጀመር ቻትጂፒቲ የተባለውን ቻትቦት «አስረዳልን» ብለው በፕሮጀክተር ሲያሳዩ ተማሪዎቹ ሁለት ደቂቃ እንኳ እንዳልተከታተሉ፣ ያለዎትም 60 ተማሪ፣ አንድ ስልክና የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ጽፈዋል። ችግሩ ያለው «አስረዳ» የሚለው ትእዛዝ ላይ ነው። ማብራሪያው ተሟልቶ ከመጣ ለልጆቹ የሚያስቡት ነገር አይተርፋቸውም፤ ከሰሌዳ ከሚገለበጥ ማስታወሻ አይለይም። ቻትቦቱን የተሳሳተ ሐሳብ የያዘ ተማሪ አድርገው ያስገቡት፣ ክፍሉ ያርመው።

መጀመሪያ ስህተቱን ይምረጡ። «ውሃ የትም ቦታ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለው ለዚህ ርዕስ በጣም ይመቻል፤ ልጆቹ በሚኖሩበት ከተማ ራሱ ትክክል አይደለምና። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ከፍታው 300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ነጥበ ፍሌት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። 1,700 ሜትር አካባቢ ያለችው አዳማ ላይ ወደ 94፣ አዲስ አበባ ላይ 92፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ማታ ስልክዎ ላይ ይህን ጽፈው ያስቀምጡ፦

«አንተ አቤል የምትባል የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነህ። ውሃ የትም ቦታ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለህ ታምናለህ። ክፍሉን ‹እናንተ› እያልክ አናግር። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፤ ንግግርህ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይብለጥ። ትክክለኛውን መልስ አንተ አትናገር። ምክንያት ሳይሰጡህ ‹ተሳስተሃል› ቢሉህ አትቀበል። ከፍታን ከአየር ግፊት ጋር አያይዘው ሲያስረዱህ ብቻ ሐሳብህን ቀይር። እነዚህን ቃላት ተጠቀም፦ ነጥበ ፍሌት፣ ትነት፣ የአየር ግፊት።»

እያንዳንዱ መስመር የገባው በምክንያት ነው። «አትቀበል» የሚለው ከሌለ ቻትቦቱ ገና በመጀመሪያው ተቃውሞ «ልክ ናችሁ!» ብሎ ሙሉውን መልስ ይዘረግፋል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ከሚያናግራቸው ሰው ጋር መስማማት ይቀናቸዋል። «እናንተ» ካልተባለ አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ፣ አንዴ እርስዎ እያለ ይደበላልቃል። ቃላቱን ከመማሪያ መጽሐፉ ካልሰጡት ደግሞ ከእንግሊዝኛ የራሱን ትርጉም ይፈጥራል፣ ልጆቹም ፈተና ላይ የማያገኙትን ቃል ይለምዳሉ። ትእዛዙን ልጆቹ ሊሉ በሚችሉት አምስት ስድስት መልስ አስቀድመው ይሞክሩት። ውይይቱ ሲረዝም ቻትቦቱ አቤልነቱን ረስቶ አስተማሪ መሆን ይጀምራል፤ ያኔ ትእዛዙን እንደገና ይለጥፉለት።

ክፍል ውስጥ ከሁሉም በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ ምድጃ ላይ ይጣዱ፤ ቻትቦቱ ሥራውን ሲጨርስ መፍላት አለበት። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ «ይህ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?» ለሚለው አንድ ቁጥር በደብተሩ ይጻፍ። ይህን አይዝለሉት፤ ቁጥር የጻፈ ልጅ ውጤቱን ለማየት ይጓጓል፣ ያልጻፈ ግን ሌላው ሲመልስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ስልኩን እርስዎ ይያዙ። አቤል የሚለውን ጮክ ብለው ያንብቡ፣ የአንድ ለአምስት ቡድኖቹ ሁለት ደቂቃ ይወያዩ፣ ሦስት ቡድን ብቻ ይናገር። ከሦስቱ በምክንያት የጠነከረውን መርጠው ልጆቹ እንዳሉት፣ ሳያሳምሩ ይጻፉት። ሁሉም ቡድን ይናገር ከተባለ ክፍለ ጊዜው እዚያው ያልቃል። ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃል። አቤል ካላመነ በጣም ጥሩ ነው፤ ክርክሩን የሚፈታው ቴርሞሜትሩ ይሆናል።

ቴርሞሜትሩ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የላቦራቶሪ ይሁን፤ የሕክምናው 42 አካባቢ ያበቃል፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይሰበራል። ጫፉ የድስቱን ታች አይንካ፣ ከነካ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። የቆዩ ቴርሞሜትሮች አንድ ሁለት ዲግሪ ስለሚዛነፉ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትተው 0 ማሳየቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢጨምሩም ቁጥሩ አይነቃነቅም፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው ቀርበው ያንብቡት።

ግፊቱን ለማሳየት መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይበቃል። ወደ 70 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ይሳቡ፣ አየሩን በሙሉ ያስወጡ፣ ጫፉን በክዳን ይድፈኑና ዘንጉን በኃይል ይጎትቱ። ውሃው ያለ እሳት ይፈላል። አየር ከቀረበት ግን የሚለጠጠው አየሩ ነው፣ ፍላቱም በደንብ አይታይም። ይህን እርስዎ ብቻ ይሥሩት፤ ውሃው ያቃጥላል።

ኔትወርክ ወይም መብራት ከጠፋ እንዳይቸገሩ ማታ የሞከሩትን ውይይት እስክሪንሹት ያንሱ፤ አቤልን አንድ ጎበዝ ተማሪ ሊተውነው ይችላል። ነጻው አገልግሎት የአጠቃቀም ገደብ ስላለው መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ቻትጂፒቲ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አልተፈቀደም፣ ከ18 በታች ያሉትም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ልጆቹን አካውንት አያስከፍቷቸው፤ ስማቸውንና ውጤታቸውንም በፍጹም አይጻፉበት።

በመጨረሻው አምስት ደቂቃ «ባቄላ ከአዳማ ይልቅ ደብረ ብርሃን ላይ ለመብሰል ለምን ይዘገያል?» ብለው በወረቀት ይሰብስቡ። ብዙዎች «ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ስህተት ነው፣ ዝም ብለው አይለፉት። በማግስቱ አቤል «ቤቱን በእሳት ብናሞቀው ባቄላው እንደ አዳማ ቶሎ ይበስላላ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያድርጉ። ቤቱ ቢሞቅም የድስቱ ውሃ ከ91 ዲግሪ እንደማያልፍ ልጆቹ ሲነግሩት ግፊት ገብቷቸዋል ማለት ነው።