ማይክሮሳኬድን በላፕቶፕ ካሜራ መለካት አይቻልም፤ ሙያው ግን አለ

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ ደሴ ላይ የ3ኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ነሽ። ሰው አእምሮውን በሚያደክም ሥራ ሲጠመድ ዓይኑ ሳያዘው የሚያደርገውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ በላፕቶፕሽ ካሜራ ለክተሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠሪበት አስበሻል፤ ከምረቃ በኋላስ እንጀራ ይወጣዋል ወይ ትያለሽ።

አብሽሪ፣ ርዕሱ ጥሩ ነው። የማይሆነው መለኪያው ነው።

አንድ ነጥብ ላይ ዓይናችንን ተክለን ስናይ እንኳ ዓይን አይቆምም። ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ በስሱ ይንቀጠቀጣል፣ በሰከንድ 1 ወይም 2 ጊዜ ያህል ደግሞ ፈጣን ትንሽ ዝላይ ያደርጋል። ማይክሮሳኬድ የምንለው ይህን ዝላይ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ በታች ነው፤ 57 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለ ስክሪን ላይ 1 ዲግሪ ማለት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚፈጀውም ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ ስለሚያልፍበት ዝላዩ በመሀል ተጀምሮ ያልቃል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው አይ ትራከር (የዓይን እንቅስቃሴ መቅጃ መሣሪያ) በሰከንድ 500 ወይም 1000 ጊዜ ይመዘግባል፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል፣ ተሳታፊውም አገጩን ድጋፍ ላይ ያሳርፋል። የብሌን ስፋትንም በላፕቶፕ ካሜራ አትሞክሪ፤ የብዙዎቻችን ዓይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ በተራ ብርሃን ብሌኑ ከዙሪያው አይለይም።

ስለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች በትክክለኛ መሣሪያ ሰብስበው በነፃ የለቀቁትን ዳታ አውርጂና ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተንትኚ። የምትፈልጊው በሥራ ክብደት የሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎች ያሉበትን ነው፤ ለምሳሌ ተሳታፊው አንዴ 2 እየጨመረ፣ አንዴ ደግሞ ከባለ 4 አሃዝ ቁጥር ተነስቶ 17 እየቀነሰ በልቡ የሚቆጥርበት። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ሥራው ሲከብድ የማይክሮሳኬድ ብዛት ሲቀንስ፣ ስፋቱ ሲጨምር ታይቷል። ዓይንን ነጥብ ላይ አጽንቶ መያዝ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል፤ ከባድ ስሌት ያንን ትኩረት ይሻማዋል የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓይንን አቀማመጥ ወደ ፍጥነት ቀይሪ። የፍጥነቱን መዋዠቅ በሚዲያን (በመካከለኛው ዋጋ) ለኪና ከዚያ 6 እጥፍ በላይ የሆነውን ያዢ፤ በሁለቱም ዓይኖች በአንድ ጊዜ ያልታየውን ጣዪ። ከዓይን መርገብገብ በፊትና በኋላ 200 ሚሊ ሰከንድ ቁረጪ፣ የዓይን ቆብ ሲወርድ የሐሰት ዝላይ ይፈጥራልና። ስክሪኑ ላይ አዲስ ነገር ብቅ ሲል የዝላዩ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ ይህን ከአእምሮ ድካም ጋር እንዳታደባልቂው የመጀመሪያውን 1 ሰከንድ ተይው። ተሳታፊው ጮክ ብሎ የቆጠረበትን ዳታ አትውሰጂ፣ አገጩ ይነቃነቃል። ሰው ከሰው በጣም ስለሚለያይም እያንዳንዱን ከራሱ ጋር አወዳድሪ። በመጨረሻ የዝላዩን ስፋትና ከፍተኛ ፍጥነት በአንድ ግራፍ አስቀምጪ፦ ስፋቱ ሲጨምር ፍጥነቱም አብሮ መጨመር አለበት። ነጥቦቹ ከተበታተኑ የቆጠርሽው እውነተኛ ዝላይ ሳይሆን የመሣሪያውን የመለካት ስህተት ነው። ይህ ግራፍ ከሌለ አንድም ጠንቃቃ ፈታኝ ውጤትሽን አይቀበልም።

ስለ እንጀራው፦ በማይክሮሳኬድ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሚያስቀጥርሽ በመንገድ ላይ የምትይዢው የዳታ ትንተናና የፓይተን ችሎታ ነው። ማስተርስ ካሰብሽ ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ወይም የእይታ ሳይንስ ፈልጊ፤ ለማመልከቻውም የጻፍሽውን ኮድና ያንን ግራፍ አያይዢ። ዓይን ማከም ከሆነ ፍላጎትሽ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ኦፕቶሜትሪን (የእይታ ምርመራና የመነጽር ሙያን) ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፣ ከሳይኮሎጂ በቀጥታ አይገባበትም። ዓይን አይቶ ውሸት ወይም ሐሳብ እናነባለን የሚሉትን ከሩቁ ሽሺ።

የግድ ራሴ ዳታ ልሰብስብ ካልሽ የዓይን ቆብን ምረጪ፤ እሱን ተራ ካሜራ ያየዋል። ዓይን 80 ከመቶና በላይ ተከድኖ የቆየበትን ጊዜ በየደቂቃው ማስላት የታወቀ የእንቅልፍ መጫጫን መለኪያ ነው። ከኮምቦልቻ በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች አጠገብሽ ስላሉ ጥያቄው የአካባቢሽም ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሾፌሩ በጽሑፍ ፈቅዶ፣ የዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም አስቀድሞ አጽድቆልሽ ቅረጪ፤ እየነዳ ሳለ ፈጽሞ አትሞክሪ። የሚያንጸባርቅ መነጽርና ኩል የተኳለ ዓይን ሶፍትዌሩን ስለሚያሳስቱ ከመቅረጽሽ በፊት ጠይቂ። ለአማካሪሽ ከመሄድሽ በፊት ከሁለቱ ርዕሶች አንዱን ምረጪ፤ ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ አትጨርሺያቸውም።