መዝሙር 50 ነው ወይስ 51?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ዳዊት የምደግመው ከስልኬ ነው። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር 50 የሚባለው በስልኬ 51 ሆኖ አገኘሁት፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውም 22 ሲባል እሰማለሁ፣ በእኔ ግን 23 ነው። መጽሐፉ ተለውጦ ይሆን? የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትደንግጪ፤ መዝሙሩ ያው ነው፣ የተለያየው አቆጣጠሩ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ጥንታውያን ናቸው፤ አንዱ የዕብራይስጡ፣ ሌላው የሰብዓ ሊቃናት፣ ማለትም የጥንቱ የጽርዕ (የግሪክኛ) ትርጉም ነው። ኦሪት ከጌታ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ወደ ጽርዕ ተተርጉሟል፤ መዝሙራቱና ነቢያቱ ከዚያ በኋላ ተከተሉ። የእኛ ግእዝ ብሉይ በአክሱም ዘመን የተተረጎመው ከጽርዑ ስለሆነ ዳዊታችንም ቁጥሩን ከዚያ ወረሰ። ስልክሽ ላይ ያለው የዕብራይስጡን ይዟል።

መለያየቱ የሚጀምረው ከ9 ነው። ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የለያቸውን ጽርዑና ግእዙ አንድ አድርገው 9 ይላሉ። ማን ልክ ነው ካልሽ፣ በዚህኛው ቦታ እኔ ለጽርዑ አደላለሁ። መዝሙር 118ን (በስልክሽ 119) ግለጪ፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል 8 ቁጥር፣ በድምሩ 176። 9ኛውም በፊደል ተራ የተደረደረ ነው፤ ተራው ከአሌፍ ተነሥቶ፣ እዚህም እዚያም ቢጎድልም፣ የሚያልቀው በዕብራይስጡ 10ኛ ውስጥ በመጨረሻው ፊደል በታው ነው። 10ኛው የራሱ አርእስት እንኳ የለውም። አንድ መዝሙር ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የዕብራይስጡ ከ11 እስከ 113 ያለው በእኛ አንድ እየቀነሰ ከ10 እስከ 112 ይሆናል። 114 እና 115 ተጣምረው 113 ይባላሉ፤ 116 ደግሞ ተከፍሎ እስከ ቁጥር 9 ያለው 114፣ የቀረው 115 ነው። ከ117 እስከ 146 እንደገና አንድ ይቀነሳል። 147 እስከ ቁጥር 11 ድረስ 146 ነው፣ ከ12 ጀምሮ 147። ከ148 እስከ 150 ሁለቱም አንድ ናቸው።

ችግር የሚመጣው ሁለት መጽሐፍ ሲቀላቀል ነው። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30፣ ማለትም ሦስት ንጉሥ ነው (አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው)። ሰኞን በስልክሽ 30 ላይ አቁመሽ ማክሰኞን ከታተመው ዳዊት 31 ብለሽ ብትጀምሪ አንድ መዝሙር ሳይደገም ይቀራል፤ እሱም ጌታ በመስቀል ላይ የተናገረው «ነፍሴን በእጅህ» የሚለው ቃል ያለበት ነው። ስለዚህ በስልክ የምትደግሚ ከሆነ ሰኞን እስከ 31፣ ማክሰኞን ከ32 እስከ 61 አድርጊው።

የንኡስ ቁጥሩም ይለያያል። አንዳንዱ መጽሐፍ አርእስቱን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም፤ «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» በአንዱ ቁጥር 10፣ በሌላው 12 ሆኖ ብታገኚው ምክንያቱ ይኸው ነው። ለሰው ስትጠቅሺ «50(51)» ብለሽ ጻፊ፤ ወይም እንደ አባቶች በመነሻው ጥሪው፣ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» ካልሽ ማንም አይሳሳትም።

151ኛውን መዝሙር በስልክሽ ካጣሽው ደግሞ ዕብራይስጡን የተከተሉ እትሞች ስለማይዙት ነው። ጽርዑ ራሱ «ከቁጥር ውጭ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ለረጅም ዘመን ዕብራይስጡ አይታወቅም ነበር፤ በ1956 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 11ኛ ዋሻ ከተገኘ የመዝሙር ጥቅል ውስጥ ግን በዕብራይስጥ ተጽፎ ተገኘ፣ ከጽርዑም ይረዝማል። እሱን ከግእዝና አማርኛው ዳዊት ታገኚዋለሽ፤ ከ150 ቀጥሎ ነው።