«ገጠር ብመደብ ስንት ዓመት ልቆይ?»

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ተመራቂ አዋላጅ ነርስ «ጋሼ፣ ገጠር ብመደብ ስንት ዓመት ልቆይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም አልኩ። ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ያኔ የአንድ ወረዳ ጤና ኃላፊ ነበርኩ። ጮቄ ተራራ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ብቻ ነበረችን። አንድ ቀን ደብዳቤ ጻፈችልኝ። በኩራዝ የተጻፈ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የላምባ ጠብታ ነበረበት። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፤ በሩ የሚቆለፍ ክፍል፣ የተጠራቀመ የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያዋንና አብራት ተረኛ የምትሆን ሁለተኛ አዋላጅ። «በጀት ሲፈቀድ ይታያል» ብዬ መራሁበትና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

በወሩ ለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ ላይ፣ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ መጣች። በሩን የከፈተላቸው ዘበኛው ነው። ወደ ሆስፒታል ሲወርዱ መንገድ ላይ ወለደች። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ባሏ ከነጭቃው ቢሮዬ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «አዋላጇ የት ሄደች?» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ፖሊሲው መጥፎ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ። በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ክትባት ጎጆ ድረስ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን የቀጠርነውን እየቆጠርኩ ሪፖርት ሳደርግ፣ የለቀቀውን አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የወጡ ናቸው። በበቅሎ ሄደው ስለሠሩባቸው አገሮች ሲያወሩ አንጠግብም ነበር። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፤ ዓመት ሳይሞላችሁ የውጭ ፎርም ትሞላላችሁ። ይህን ስል ግን አፌ ይያዛል። እኔ ራሴ ጮቄ ሥር ከሁለት ሌሊት በላይ አድሬ አላውቅም።

ስለዚህ ልጄ፣ ዓመቱን አልቆርጥልሽም። የጎደለሽን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቂ። መዝገብ ቤት ቁጥር አስወጪለት፤ ቅጂውንም ያዢ። ኃላፊው ዝም ካለሽ ወደ ዞን ሂጂ፤ አትፈሪ። ጥለሽ የምትሄጂ ከሆነም ተተኪሽ ሳትመጣ አትውጪ።

የዚያችን ልጅ ደብዳቤ ጡረታ ስወጣ መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት። ቤቴ አለ። ቅዳሜ ብቅ በይና አንብቢው።